ቦርደዴ ላይ የቆፈርኩት ኤላ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለት እጅ ተይዞ በአክብሮት የተዘረጋልኝን ውሃ አልጠጣም ብያለሁ። ያን ቀን ጠጥቼው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። የባሰው ግን እሱ አይደለም። የባሰው፣ ውሃውን የመረዝኩት እኔ ራሴ መሆኔ ነው። በአፌ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። በጽሑፍ ሳሰፍረው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ በሚጮህበት አገር ነው። የእንስሳት ጤና ረዳትነት ኮርስ እንደጨረስኩ አሰበ ተፈሪ ተመደብኩ። ካኪ ካፖርት ተሰጠኝ፤ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰካሁ። የከተማው ሰው "ሐኪም" ይለኝ ጀመር። "ኧረ እኔ ረዳት ነኝ" ብዬ ማረም ነበረብኝ፤ አላረምኩም። ስሙ እንደ ካፖርቱ ልክክ ያለልኝ መሰለኝ።

አለቃዬ አቶ ተሰማ የሚባሉ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንድን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ይደጋግማሉ። እኔ ፈሪ አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ማለት ይወዱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኋላቸው ሆኜ ለጓደኞቼ "ያልቸኮለችስ መቼ ለቀመች?" እያልኩ አሥቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ቆላው በመዥገር ተወረረ። ከቦርደዴ በኩል የሚመጡ ከብቶች ጡታቸውና የጆሯቸው ውስጠኛ ክፍል በመዥገር ተሞልቶ፣ ደም የጠጣው እንደ ባቄላ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ጥጆቹን ደግሞ የሆድ ትል አጥንታቸውን አስቆጥሯቸዋል። ሰዎቹ ራሳቸው አጋዘኑን ይወቅሳሉ፤ ማታ ማታ ከጫካ ወጥቶ ከብቱ ከሚያርፍበት ይግጣል፣ መዥገሩን አራግፎብን ይሄዳል ይላሉ። ነገሩ ውሸትም አልነበረም። አቶ ተሰማ አሞኛል ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሰደዱኝ። የተሰጠኝ የመዥገር መድኃኒት አርሴኒክ ያለበት ነበር። ያኔ የምንሠራበት እሱ ነው፤ ሽታም ጣዕምም ይህ ነው የሚባል የለውም፣ በውሃ ሲበጠበጥ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል።

ሦስት ነገር አዘዙኝ፤ እንደ ልማዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ። ከብቱ ከመረጨቱ በፊት ጠጥቶ ይጥገብ፣ የተጠማ ከብት የረጠበ ገላውን ይልሳልና። መድኃኒቱን ከአንተ በቀር ማንም አይንካ። የተረፈውን ደግሞ ከውሃ አርቀህ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበር። ይህን የመጨረሻውን መኪናው ከተነሣ በኋላ እንኳ በመስኮት ደገሙልኝ።

አብረውኝ የሄዱት ሁለት ናቸው። አንዱ ሾፌሩ ወርቁ ነው፤ እንደኔው ደገኛ፣ ቆላውን በመኪና መስኮት እንጂ በእግሩ የማያውቅ። ሌላው የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛና አስተርጓሚ አህመዴ ነው። አህመዴ አርባ ዓመት የሞላው፣ የአሰበ ተፈሪ ልጅ፣ አማርኛና ኦሮምኛን እኩል የሚናገር፣ እኅቱ ቦርደዴ አጠገብ ያገባች ሰው ነበር።

ቦርደዴ በደረስን በማግስቱ ጠዋት ከብቱ አቧራውን እያስነሣ መጣ፤ ባለቤቶቹ ግን ራቅ ብለው ቆሙ። መርፌ የተወጋች ላም ትመክናለች የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል። ከመሃላቸው አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ ወጥተው የራሳቸውን ከብት ወደፊት ነዱ። ኦቦ ሙሜ ይባላሉ። አማርኛቸውን ሚኤሶና አሰበ ተፈሪ ገበያ ከብት ሲሸጡ የተማሩት ነው። አጠገቤ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ልጄ፣ የኔ ከብት ቢሞት እኔ አልሞትም" አሉኝ። "ግን ይሄ ሁሉ ሰው እኔን አይቶ ነው የመጣ። የኔ ከሞተ ሁለተኛ እናንተ ጋ አይመጣም። ልጁ ሲታመምም አይመጣም።"

አያስቡ አልኳቸው። ከዚያ በትእዛዙ መሠረት ከብቱ ሁሉ ይጠጣ አልኩ። በአካባቢው ያለው አንድ ኩሬ ነው። ኦቦ ሙሜ ኩሬው ዝናብ እስኪመጣ እንዲያቆያቸው፣ ግማሹ ዛሬ ግማሹ በሌላ ቀን ቢሆን እንደሚሻል በአህመዴ በኩል አስረዱኝ። እኔ ሕጉ ሕግ ነው አልኩ። ከብቱ ገብቶ ጠጣ፤ ኩሬው ጭቃ ብቻ ቀረው። ሽማግሌው ጭቃውን ትንሽ አዩና፣ ይሁን፣ ነገ ወደ አሸዋው እንወርዳለን አሉ። ሰምቻለሁ። የትኛው አሸዋ? አሸዋ ላይ ምን ልታደርጉ? ብዬ አልጠየቅኩም። የቀረው ነገር ሁሉ የመጣው ያን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው።

ሥራው ግን ሰመረ። ከግንድና ከእሾህ በሠሩት ጠባብ መተላለፊያ ከብቱን አንድ በአንድ እያሳለፍን፣ ጥጆቹን የትል መድኃኒት በጠርሙስ እየጋትን፣ ትልልቆቹን በእጅ ፓምፕ እየረጨን ዋልን። ከሰዓት በኋላ መዥገሩ እየረገፈ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ ሲያዩ፣ ርቀው የነበሩት ሁሉ እየቀረቡ መጡ። አንዱ እጄን ይዞ በኦሮምኛ ለረጅም ጊዜ መረቀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ነው ያየሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። አህመዴ እኅቱ ዘንድ ሊያድር ተሰናብቶን ከኦቦ ሙሜ ሰዎች ጋር ሄደ። የቀረነው ወርቁና እኔ፣ ከአንድ በርሜል የሚበልጥ የተበጠበጠ መድኃኒት ጋር ነን።

መሬቱን በዶማ ሞከርኩት፤ ዶማው እሳት አወጣ። ሁለት ሦስት ቦታ ሞከርን፣ ያው ነው። መዳፌ ተላጠ። ወርቁ እዚሁ ሜዳው ላይ እንድፋው አለ። እኔ ግን የአቶ ተሰማ ትእዛዝ ጆሮዬ ላይ ስላለ እምቢ አልኩት። ከኩሬው ርቀን ሄድን፤ በጣም ራቅን። ከዚያ አንድ ሰፊ የአሸዋ ሸለቆ አገኘን። ጠብታ ውሃ የለበትም፤ አሸዋው ነጭ፣ ደረቅ፣ በእግር ሲረግጡት የሚያቃጥል ነው። በኔ አገር ወንዝ ማለት የሚፈስ ነው። ይህ ለኔ ወንዝ ሳይሆን የሞተ ቦታ ነበር። ለመቆፈርም እንደ ጤፍ ዱቄት ቀላል ሆነልን።

ደረታችን ድረስ ስንቆፍር አሸዋው ረጠበ። ወርቁ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሣቅሁና "ቆላም እርጥብ አለው ለካ" አልኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥነው። አሸዋው እስከ ነገ ይመጠዋል ብለን አፈር መመለሱን ተውነው፤ ደክሞናል። ሆኖም ፍየል እንዳይገባበት አሰብኩ። ትንሽ ወረድ ብሎ ተቆርጦ የተከመረ የግራር እሾህ አየሁ። ከዚያ እየጎተትን አምጥተን የጉድጓዱን አፍ በደንብ ከደንነው። ያን እሾህ ማን፣ ለምን እዚያ እንደከመረው ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁም።

እሾሁን ስናስተካክል አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች ማዶ ባለው ዳገት ላይ አለፈች። ቆመች። እጇን ከዐይኗ በላይ አድርጋ አየችን። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የሆነ ነገር አለችን፤ ርቀቱ ቃሉን በላው። ወርቁ ቆቡን አውልቆ አውለበለበላት። እሷም ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። ሸለቆው ዝም አለ። ዝንጀሮዎች አለቱ ላይ ተቀምጠው ያዩናል፤ አንዱም አይጮህም። ሲያዩን ደስ አላለኝም፣ እንሂድ አልኩት።

ያን ሌሊት ደህና አድርጌ ተኛሁ። ይህንን እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያረፍንበት ነጋዴ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ አህመዴ እየሣቀ መጣ። ወርቁ ገና ሳይነጋ ጎማ ሊያስጠግን መኪናውን ይዞ ሚኤሶ ሄዷል። አህመዴ ከሰላምታው ጋር፣ አገሩ ሁሉ ስሜን እያነሣ እንዳደረ ነገረኝ። ለከብቱ ነዋ አልኩት።

"ለከብቱስ ለከብቱ ነው" አለ አህመዴ። "ዋናው ግን ለኤላው ነው። ዘይነባ አይታችኋለች አሉ። ሐኪሙ ካፖርቱን አውልቆ፣ በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ ደግሞ እንደኛው አድርጎ በእሾህ ከደነው ብላ ስታለቅስ ነው ያመሸችው። ለምን ሳትነግረኝ?"

ኤላ ምንድነው አልኩት። አህመዴ አሁንም እየሣቀ ነገረኝ። በበጋ ኩሬ ሲያልቅ ሰዉ ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርዳል። አሸዋው ከላይ ይደርቃል እንጂ ከሥሩ ውሃ አለ፤ በቁመት ልክ ከቆፈሩት ውሃው ይጠራቀማል። እሱ ነው ኤላ። ለቅቀው ሲሄዱ አውሬ እንዳያበላሸው አፉን በግራር እሾህ ይከድኑታል። እሾህ ያለበት አሸዋ ካየህ፣ ከሥሩ ንጹሕ ውሃ አለ ማለት ነው። የኦቦ ሙሜ አባት የቆፈሩት ኤላ ያው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ያኔ ገባኝ። አትቅረቡ ብዬ የከደንኩት እሾህ ለነሱ ኑ ጠጡ ነው። ያውም እሾሁን ያነሣሁት ከገዛ ኤላቸው ላይ ነው።

"ሰዎቹ የት ናቸው?" አልኩት።

"ወርደዋል። ከፀሐይ ጋር ነው የወረዱት፣ ሴቱም ልጁም። ፍየል ሊያርዱልህም ነው። እኔ የመጣሁት ልወስድህ ነው" አለ።

የነገርኩት እየሮጥኩ ነው። አህመዴ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው አንድ ጊዜ "ያ ረቢ" አለና ከኔ ቀድሞ መሮጥ ጀመረ። መንገዱ በእግር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው፤ እያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ ይታየኝ ነበር። ሕፃን ይታየኛል፣ ከዚያ ትናንት እጄን ይዞ የመረቀኝ ሰውዬ ይታየኛል። እግዚአብሔርን የለመንኩት ልመና እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ሸለቆው ሊታየን ትንሽ ሲቀረው አህመዴ ቆመ። ከአንድ ግራር ሥር ትልቅ ወንድ አጋዘን ተጋድሟል፤ ቀንዱ ጥምዝምዝ ያለ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመር ያለው። አፉ ላይ አረፋ ደርቋል፣ ኋላው በተቅማጥ ተበላሽቷል፣ መሬቱን በእግሮቹ ቆፍሮታል። በቀንዱ ላይ የግራር እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል። ቁስል የለበትም። ጆሮው ውስጥ ያለው መዥገር እንኳ ገና በሕይወት ነበር።

አህመዴ ላቡን ጠርጎ ወደኔ ዞረ። ሲያስበው የመጣውን ነገር እዚያ ነው የነገረኝ። እውነቱን ከተናገርን ከዚያ ሸለቆ አንወጣም አለ። ሰዎቹ ቢላ አላቸው፣ ልጆቻቸውም አብረዋቸው ናቸው። እሱ በራሱ መንገድ ያስረዳቸዋል፦ ሐኪሙ ሌሊት አጋዘን ገብቶ ኤላውን እንዳበላሸው አይቷል፣ ውሃው ታሟል፣ አትጠጡ ብሏል ይላቸዋል። በቃ። ማንም አይሞትም፣ እኛም አንሞትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐሳቡ ደስ አለኝ። እሺ አልኩት።

ስንደርስ ሰዉ በሁለት ጎን ተደርድሮ ቆሟል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ እንስራና የቆዳ አቁማዳቸውን ይዘው በሌላ ወገን። እሾሁ ተነሥቶ ወደ ጎን ተቀምጧል። አሸዋው መድኃኒቱን አልመጠጠውም ነበር። ከሥር ያለው ውሃ ይዞት አደረ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሰማይ የሚታይበት፣ የጠራ ውሃ ተኝቷል። ፍየል በገመድ ታስራ ቆማለች። ከንፈራቸውን አየሁ፣ የሁሉንም ከንፈር። ደረቅ ነው። አልጠጡም።

ለምን እንዳልጠጡ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። በዚያ አገር አዲስ ኤላ ሲከፈት የቆፈረው ሰው ሳይቀምስና ሳይመርቅ ሌላ ሰው አይጠጣም። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ልጆቻቸውን እየያዙ፣ እኔን ሲጠብቁ ነው የቆዩት። ኦቦ ሙሜ በቅል ቀድተው፣ ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኔ መጡ።

"ቢስሚላህ ብለን ቀዳን" አሉ። "አንተ በራስህ አምላክ ስም ጠጣና መርቅልን።"

አህመዴ ወዲያው በኦሮምኛ ጀመረ። ስለ አጋዘኑ ሲያወራ ገደምሳ የሚለውን ቃል ሰማሁ። ሽማግሌው ጨርሶ አላዩትም። ዐይናቸው ከኔ ላይ አልተነሣም፤ ቅሉንም አላወረዱም። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ። ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ከእጃችን አትጠጣም?" አሉኝ። "ትናንት ከብታችንን ዳሰስክ፤ ዛሬ ከእጃችን አትጠጣም?"

ወንዶቹ መሃል ጉምጉምታ ተነሣ። አህመዴ ክንዴን ጨምቆ፣ ሆዴን አሞኛል በል አለኝ በጆሮዬ። ሆዴን አሞኛል ብል ኖሮ ኦቦ ሙሜ አልፈውኝ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ከፊታቸው ያየሁት ይህንን ነው። አጋዘን የነካውን ውሃ ስንቴ ጠጥተው ያውቃሉ! ለአጋዘን ብሎ ኤላ የሚተው ሰው በዚያ አገር የለም። የተጠማን ሰው የሚያስቆመው እውነቱ ብቻ ነበር።

"ኦቦ ሙሜ፣ ውሃው መርዝ ነው" አልኳቸው። "ኤላ አልቆፈርኩም። የመዥገሩን መድኃኒት ትርፍ ልቀብር ነው የቆፈርኩት። ወንዝ መሆኑን አላወቅኩም። እኔ ነኝ የመረዝኩት።"

አማርኛ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀስ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተረጎም አየሁት። ከሴቶቹ አንዷ እንስራዋን አስቀመጠች። አንድ ጎልማሳ አህመዴን በደረቱ ገፍትሮ ወደኔ መጣ፣ እጁ ወገቡ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ኋላ ኡኡታ ተሰማ።

የጮኸችው ዘይነባ ነች፣ ለአህያዋ። ዘይነባ ትናንት ያየችን ሴት ናት። አህያ ምርቃት አይጠብቅምና፣ እንደደረሰች ለአህያዋ ቀድታ አጠጥታለች። አህያዋ የፊት እግሮቿ ታጥፈው ተንበርክካለች፤ ሆዷ እየተኮማተረ፣ አንገቷን አሸዋው ላይ ዘርግታ ታቃስታለች። ዘይነባ ጭንቅላቷን ይዛ ስሟን ትጠራታለች። ሁላችንም አየን። ወደኔ የመጣው ጎልማሳ እንኳ እጁን ወገቡ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ። እኔ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ሐኪም ተብዬ፣ ለዚያች አህያ የምሰጣት አንድ ነገር አልነበረኝም።

ኦቦ ሙሜ ቅሉን ቀስ ብለው አሸዋው ላይ ገለበጡት። ከዚያ ወረድ ብሎ ያለውን፣ እሾሁን የነጠቅኩትን ቦታ አመለከቱ።

"ያኛውስ?" አሉኝ። "የአባቴ ኤላ?"

"ከሥር ውሃው አንድ ነው" አልኩ።

"ስንት ቀን ይቆያል?"

"አላውቅም።"

"ስንት ወር? ስንት ዓመት?"

"አላውቅም፣ ኦቦ።"

ሽማግሌዎቹ ከግራር ሥር ተቀመጡ። እኔና አህመዴ ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። የሚሉትን አህመዴ አልተረጎመልኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያ ጎልማሳ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ተናገረ፣ ሁለቴም አስቀመጡት። እኔ የጠበቅኩት ሞት ነው፤ ካልሆነም ታስሮ መወሰድ። አህያዋ እስክትሞት ረጅም ጊዜ ፈጀባት። በመጨረሻ ኦቦ ሙሜ መጥተው ፍርዱን ነገሩኝ።

"ሌላ ሰው አያውቅም" አሉ። "ከዚያ ማዶም፣ ከላይም፣ ነገ ከብት ይመጣል። እሾህ ያያል፣ ይጠጣል። አንተ እዚህ ትቀመጣለህ። የሚመጣውን ሁሉ በአፍህ ትመልሳለህ። ማን እንዳደረገው ትናገራለህ። አህመዴ እንዳይነግርልህ።"

አህመዴ ሁለት ቃል አስጠናኝ፦ "ሂንዱጊና፣ ሱሚዳ።" አትጠጡ፣ መርዝ ነው። ከዚያ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እኔ ነኝ ማለት። ሁለት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ አሸዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው መጣ፣ ከብት መጣ፣ ምላሳቸው የተንጠለጠለ ፍየሎች መጡ። እየተነሣሁ አልኩት። አንዳንዱ ተፋብኝ። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አንዷ እናት ለረጅም ጊዜ አየችኝና ልጇን አዝላ በመጣችበት ተመለሰች፤ ቀጣዩ ውሃ የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ በኋላ ነው የነገሩኝ። ምራቁ ደርቆ ይረሳል። የዚያች ሴት ዐይን ግን እስከ ዛሬ አልተነሣልኝም።

በሦስተኛው ቀን የኦቦ ሙሜ ሰዎች ጎጇቸውን አፍርሰው በግመል ጫኑ። ወደ አዋሽ በኩል ሊወርዱ ነው። ከእንግዲህ እዚህ ምን ይጠጣሉ? የረጨነው ከብት መዥገሩ ረግፎለት፣ ቆዳው እያበራ ከፊቴ ተነድቶ ሄደ። ሥራዬ ተሳክቷል ማለት ነው። ኦቦ ሙሜ ሊሰናበቱኝ አልመጡም። እኔም አልጠበቅኳቸውም።

ወርቁ ከሚኤሶ ይዞት በመጣው መኪና አሰበ ተፈሪ ተመልሼ ለአቶ ተሰማ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ከውሃ አርቅ ማለታቸውን፣ ውሃው የት እንዳለ ጠይቅ አለማለታቸውን ተናገሩ። ጥፋቱን ሊካፈሉኝ ፈልገው ነው። አላካፈልኳቸውም። የኔው ነው።

አንባቢዎቼ፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ተረቱ ሲነገር እንሥቃለን፤ ንፍጡ የተለቀለቀበትን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም። ከዚያ ወዲህ በሂርናም፣ በገለምሶም፣ በሄድኩበት ሁሉ ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃችሁ የት ነው ብዬ ነው። መድኃኒቱ ሳይወርድ፣ ሰላምታው ሳያልቅ። ከኔ በኋላ የመጡት ወጣት ረዳቶች ሲያሾፉብኝ "አቶ ውሃችሁ የት ነው" ይሉኝ ነበር። ይበሉ። ካፖርቱን አስረክቤ በሸሚዝ ነው የሠራሁት፤ ሐኪም ያለኝን ሁሉ ረዳት ነኝ ብዬ አርሜያለሁ። ዋናው የተለወጠብኝ ነገር ግን አላውቅም ማለት መቻሌ ነው። ያን ቃል እስከዚያች ቀን በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ ስናልፍ መኪናውን አስቁሜ በእግሬ ወረድኩ። ሸለቆው ያው ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ፍየሎቹን ዳገት ዳገቱን እየነዳ ነበር። አሸዋውን እንዳይረግጡ ድንጋይ እየወረወረ ይመልሳቸዋል። ሰላምታ ሰጠሁትና፣ እዚህ አሸዋ ውስጥ ውሃ የለም ወይ አልኩት።

"አለ" አለኝ። "ግን የሐኪሙ ነው። አይነካም።"

ሐኪሙ ማን ነው ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ መጣ። ከዚያ የኦቦ ሙሜ ፍርድ ትዝ አለኝ። ሁለቱ ቀን አልፏል፤ ፍርዱ አልቋል የሚል ግን የለም። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩና ነገርኩት።